መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው? ተላላፊ ሕመም ሲገኝ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል ወይስ የግዴታ ለይቶ ማቆያ

የእኅቴ ክፍል መቀርቀሪያ የተገጠመው ከውጭ በኩል ነበር። ብሎኖቹ አዳዲስ ናቸው፤ ሲበሳ የወረደው የእንጨት ብናኝ ከበሩ ሥር ገና አልተጠረገም። ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም የተለመደው መድኃኒት የማይገድለው ቲቢ እንዳለባት ሲነገረን በገዛ ፈቃዷ፣ በገዛ እጇ ፈርማ ነው የተኛችው። በሦስተኛው ሳምንት «አክታዬ ይታይና ቤቴ ሆኜ ልከታተል» ብላ ስትጠይቅ በሩ ተዘጋባት። እናቴ «መቼ ነው የምትወጣልኝ?» አለች። «ሲሻላት ነው፣ እማማ» አሏት። ማን እንደወሰነ፣ በየትኛው ሕግ እንደወሰነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚናገር አንዲት ወረቀት አልነበረም።

ሐኪሞቹ ክፉዎች ነበሩ ለማለት አይደለም። በሽታው የምር ነበር። እኛ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በነበረ ግቢ ውስጥ፣ በኮምፔንሳቶ ለሁለት በተከፈለች ቤት አምስት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ የወንድሜ ልጅ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። እኅቴ በዚያ ሳምንት ወደ ቤት ብትመለስ እኔ ራሴ እፈራ ነበር። ያንገበገበን መለየቷ ሳይሆን ቀን አልባ ሆና መቆየቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአራዳም፣ ከልደታም፣ ከቂርቆስም ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ቤተሰቦች እየደወሉ «የትኛው ይሻለናል?» ይሉኛል። ሕግ ያጠና ዘመድ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛ እያስቸገርኩ የተማርኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

በሽታውን ሳያውቁ አማራጭ ማወዳደር አይቻልም

«ተላላፊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይወስንም። መጀመሪያ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በምን ይተላለፋል? ከዛሬ ጀምሮ እስከ መቼ ድረስ ሊያስተላልፍ ይችላል? ያ ጊዜ ማብቃቱ የሚታወቀው በምን ምርመራ ነው? የሦስቱን መልስ ጻፉት። በኋላ ከማንም ጋር ስትነጋገሩ መሠረታችሁ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ታማሚው ፈሳሽ ተተክቶለት በቀናት ውስጥ ይወጣል፤ በር የሚያዘጋ ነገር የለውም። ማርበርግ የተባለው የቫይረስ በሽታ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ጂንካ ላይ መገኘቱ ሲታወጅ አዲስ አበባም ተጨንቃ ነበር። በታማሚው ደምና ፈሳሽ ንክኪ ይተላለፋል፣ ብዙ ሰው ይገድላል። ማርበርግ የተረጋገጠበትን ሰው ቤት ላስታምም ማለት ቤተሰብን መጨረስ ነው፤ እዚህ ላይ ምርጫ አለ ብዬ አላታልላችሁም። ከታማሚው ጋር ንክኪ የነበረው ጤነኛ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምልክት ለመታየት ከ2 እስከ 21 ቀን ስለሚፈጅ ለ21 ቀን ሙቀቱ እየተለካ ይከታተሉታል። ይህ ሰው ታማሚ አይደለም፣ እንደ ታማሚም ሊያዝ አይገባም። ውሸባ የሚባለው ለእሱ ነው፤ ለይቶ ማከም የሚባለው ለታመመው ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ካጋጠማችሁ እዚያው አርሙት። ጤነኛን ከታማሚ ጋር በአንድ አዳራሽ ማስገባት በሽታ መከላከል ሳይሆን በሽታ ማደል ነው።

ቲቢ ላይ ግን ሰፋ አድርገን እንነጋገር። በዚህ ከተማ ብዙ ቤት የሚያንኳኳው እሱ ስለሆነ፣ «እንለየው» የሚለው ክርክርም የሚረዝመው በእሱ ስለሆነ ነው። የሳንባ ቲቢ በአየር ይተላለፋል፤ ሳል፣ ንግግር፣ ዘፈን ያወጣዋል። ሳሕንና ብርጭቆ አያስተላልፉትም። የእኅቴን ኩባያ ለይታ ያስቀመጠች ጎረቤት ነበረችን፣ መስኮቷን ግን አንድ ቀን ከፍታ አታውቅም። ትክክለኛው መድኃኒት በሚገባ ከተጀመረ የማስተላለፍ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፤ ለመደበኛው ቲቢ ሁለት ሳምንት ያህል መጠንቀቅ የተለመደ ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፣ መጀመሪያ ሁለት ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር በሁለት ዓይነት። ስድስት ወር መታከምና ስድስት ወር ማስተላለፍ አንድ አይደሉም። መድኃኒት የተላመደው ሲሆን አክታው በየጊዜው እየታየ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ «እስከ መቼ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «የአክታው ውጤት እንዲህ ሲሆን» የሚል ነው። «ሲሻላት» የሚለው መልስ በምንም አይለካም።

ቤት መቆየት

ለአብዛኛው የቲቢ ታማሚ የመጀመሪያው ምርጫዬ ይህ ነው። ይህንንም የምለው ስሜት ይዞኝ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕክምና አሠራር ራሱ ወደዚህ ነው የሄደው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መታከም ሲጀምር ታማሚው ወራት ተኝቶ ነበር የሚታከመው። በኋላ ግን ሆስፒታል ጀምሮ፣ ቀሪውን በሠፈሩ ጤና ጣቢያ እየተከታተለ ቤቱ የሚኖርበት መንገድ ተዘረጋ። ስለዚህ «የዚህ ዓይነት ቲቢ ያለበት ሁሉ ይታሰራል» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ አሠራሩ እንደዚያ አይደለም።

ጥያቄው ቤታችሁ ምን ይመስላል የሚለው ነው። የሚከፈት መስኮት ያለው አንድ የራሱ ክፍል ይገኛል? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ልደታ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ታማሚ በረንዳው ላይ ፍራሽ አንጥፎ ቀኑን እዚያ ሲውል አይቻለሁ፣ ከየትኛውም ዋርድ የተሻለ አየር ነበረው። በጋራ ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ይከብዳል። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ካለ፣ አቅመ ደካማ አዛውንት ካለ፣ ታማሚውን ወይም ልጁን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ዘመድ ማሸጋገር ይሻላል። እኛ ብናውቅ ኖሮ ሕፃኗን ነበር ወደ አክስቷ የምንልከው። ያን ጊዜ ማንም ይህን ምርጫ አላስታወሰንም። በቤት ያሉትም በሙሉ ይመርመሩ፤ ለሕፃናትና ለተጋለጡት የመከላከያ መድኃኒት አለ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

ቤት የሚቆይ ሰው የሚፈርመው ስምምነት ቢኖር ጥሩ ነው። ማስክ ያደርጋል፣ እንግዳ አይቀበልም፣ መድኃኒቱን በሰው ፊት ይውጣል፣ ቀጠሮ አያስቀርም። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተነጋግራችሁ እናንተው ጻፉት። ፍርድ ቤት ጭምር ቢኬድ፣ ቀለል ባለ መንገድ መቆጣጠር እንደሚቻል የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው።

እየተመላለሱ መታከም

ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስ ከሆነ ጥሩ ነው። ባይሆን መጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሚኒባስ ላይ አትሳፈሩ። የአዲስ አበባን ሚኒባስ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ብርድ ገባ፣ ዝጋው!» ይባላል። ለቲቢ ከዚያ የተመቸ ቦታ የለም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ መድኃኒት መውሰጃ ሰዓቱ ከሥራው እንዳይጋጭ ገና ሲጀመር ከነርሷ ጋር ይነጋገር። ቀጠሮ የሚያስቀሩ ሰዎች ብዙዎቹ ግድ የለሾች አይደሉም፤ ታክሲ ያጡ ናቸው፣ ከሥራ የማይለቋቸው ናቸው፣ መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ የሚያስመልሳቸው ናቸው። ማንም «ይህ ሰው እምቢ ብሏልና በግድ ይያዝ» ከማለቱ በፊት እነዚህ ተጠይቀው፣ ተሞክረው መሆን አለባቸው።

በፈቃድ መተኛት

ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ነው፤ እኛንም የሸወደን እሱ ነው። በፈቃድ የተኛ ሰው ሲፈርም የሚፈርመው ለሕክምና ነው፣ ለመታሰር አልፈረመም። ፈቃዱን ያነሳ ዕለት ሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አለው፦ አስረድቶ፣ «ያለ ሐኪም ምክር ወጣሁ» የሚል አስፈርሞ መሸኘት፤ ወይም በግድ የሚያቆይበትን ሕግና ምክንያት በጽሑፍ ማሳየት። ሦስተኛ መንገድ፣ ማለትም ጥበቃ በር ላይ አቁሞ ዝም ማለት፣ ሕጋዊ አይደለም።

ስለዚህ ስትፈርሙ አንብቡ። የማይገባ ቃል ካለ ይተረጎም፤ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚቀለው ሰው በዚያው ይነገረው። ከሥር በእጃችሁ «እስከዚህ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ውጤት ታይቶ እንነጋገራለን» ብላችሁ ጨምሩ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ማከል አያሳፍርም፣ አይከለከልምም።

አንድ ነገር በመሐል ላስገባ። ሂሳብ አልተከፈለም ተብሎ መከልከልና ስለ በሽታ ሲባል መከልከል የተለያዩ ናቸው። «ተላላፊ ነው» ተብሎ የተጀመረው ወደ መጨረሻው «ክፍያ አለባችሁ» ወደሚል ከተቀየረ፣ የያዛችሁ በሽታው መሆኑ ቀርቷል። ያን ንግግር ቀኑንና ሰዓቱን ይዛችሁ መዝግቡ። የቲቢ መድኃኒት እንደሆነ በመንግሥት ተቋም ነፃ ነው።

በግዴታ መለየት

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ አማራጭ አንዳንዴ ያስፈልጋል። መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ይዞ፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት፣ ተለምኖ፣ አሁንም የተጨናነቀ ቤት ውስጥ ሕፃናት ላይ የሚያስል ሰው ሊኖር ይችላል። የእነዚያ ሕፃናት መብትም መብት ነው። ክርክሬ የግዴታው መኖር ላይ አይደለም፣ አካሄዱ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ምክንያትና ሥርዓት ውጭ ነፃነቱን እንደማያጣ ይናገራል። «በወንጀል የተጠረጠረ» ብሎ አልወሰነውም፤ ሳል ያለበትንም ይጨምራል። አንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። ሀገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፣ በአንቀጽ 9(4)፣ ነፃነቱን ያጣ ሁሉ ፍርድ ቤት ሳይዘገይ የመያዙን ሕጋዊነት እንዲመረምርለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ ያለ ፈቃድ ሆስፒታል መግባትን ነፃነት ከማጣት ቆጥሮታል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) መሠረት ይህ ቃል ኪዳን የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ «ይህ የሕክምና ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት አይመለከተውም» ሲባል አትቀበሉ።

የሌሎች አገሮችን ልምድ ማየት ይጠቅማል፤ ምን ያህል ርቀት እንዳለ ያሳያል። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የቲቢ ታማሚዎች መድኃኒት አቋረጡ ተብለው ለስምንት ወር እስር ቤት እንዲቆዩ ታዘዘ፤ ከወንጀለኛ ጋር በተጨናነቀ ክፍል 46 ቀን ቆዩ። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕክምና ሲባል በእስር ቤት ማቆየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው አለ። አስቡት፦ ሳንባው የታመመን ሰው አየር በሌለበት፣ ሰው በሞላበት ክፍል አስገብቶ «ሕዝብ ለመጠበቅ ነው» ማለት! ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ፍርድ ቤት መድኃኒት እጅግ የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ታማሚዎች በሆስፒታል ተለይተው እንዲቆዩ ፈቅዷል። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚጋጩ አይመስለኝም። አንዱ እስር ቤት ነው፣ አንዱ ሆስፒታል። ሁለቱም ዘንድ ደግሞ ዳኛ ጉዳዩን አይቶታል።

ከሁሉም በላይ የምወደው የስዊድኑ ነው። ኤችአይቪ ያለበት አንድ ሰው በግዴታ የመለየት ትእዛዝ ለዓመታት እየታደሰበት፣ በድምሩ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆስፒታል ተይዞ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ነገር ጠየቀ፦ በሽታው ለሕዝብ ጤና አደገኛ ነው ወይ? መያዙስ፣ ቀለል ያሉት መንገዶች ታይተው በቂ አለመሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ የመጣ የመጨረሻ አማራጭ ነው ወይ? የመጀመሪያው አዎ ነበር። ሁለተኛውን ግን መንግሥት ማሳየት አልቻለም፤ መብቱ ተጥሷል ተባለ። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በግዴታ የሚያዝ የቲቢ ታማሚ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊነገረው፣ ጠበቃ ሊኖረው፣ በችሎት ሊገኝ፣ ምስክር ሊያቀርብና ሊጠይቅ እንደሚገባ ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ሥነ ምግባር መመሪያም ያለ ፈቃድ መለየት የመጨረሻ አማራጭ እንጂ ቅጣት መሆን እንደሌለበት ይናገራል። ተለይቶ የሚቆይ ሰውም ቢሆን በኃይል መድኃኒት አይግደዱት ይላል። በግድ ማቆየትና በግድ መርፌ መውጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ ለመጀመሪያው ፈቃድ የተገኘ እንደሆነ ለሁለተኛው ተገኘ ማለት አይደለም።

እንግዲህ የግዴታ ትእዛዝ ሲመጣባችሁ ወረቀቱን ጠይቁና እንዲህ አንብቡት። የታማሚው ስምና የበሽታው ስም አለ? የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ ተጠቅሷል? የወሰነው ኃላፊ ስሙን ጽፎ ፈርሟል? ቤት መቆየት ለምን እንዳልተቻለ ምክንያት ተሰጥቷል? የሚያበቃበት ቀን ወይም የሚያበቃበት የምርመራ ውጤት ተጽፏል? ከዚያ በፊት መቼ እንደገና እንደሚታይ ተነግሯል? ቅር ቢለን ለማን አቤት እንላለን? አንዱ እንኳ ቢጎድል የጎደለውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጥያቄያችሁን ኮፒ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብሉ፣ ማኅተም ካለ አስመቱ። አልቀበልም ካሏችሁ ሁለት ምስክር ባለበት አስቀምጣችሁ ውጡ።

አያያዙንም ተመልከቱ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ ይላል። ታማሚ ከእስረኛ ባነሰ ሊያዝ አይችልም። ለቲቢ በመስኮት፣ በግቢ ውስጥ ርቀት ጠብቆ፣ በስልክ መገናኘት ይቻላል፤ ኤን95 ማስክ ያደረገ ጠያቂም ይገባል። የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ከበር የሚመለሱበት የሕክምና ምክንያት የለም። እናቴ የምታመጣው ሽሮ በር ላይ ቀዝቅዞ ይቀር ነበር፤ ምግብ የሚከለክል በሽታ ደግሞ ቲቢ አይደለም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ወዴት?

ሦስት መንገዶች አሉ፣ ፍጥነታቸውም ጉልበታቸውም ይለያያል።

የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ዘንድ መሄድ ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን ይሳካል። ቁጣ ይዛችሁ አትግቡ። «አክታው መቼ ታየ፣ ቀጣዩ መቼ ነው፣ የቤት ክትትል ስምምነት አምጥተናል» በሉ። የኛ ጉዳይ የተፈታው እዚህ ነው፤ የተፈታው ግን አንድ የሕግ ተማሪ ጎረቤታችን በአንድ ገጽ የጻፈውን ማመልከቻ ይዘን ስንገባ ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት በቃል ስንለምን ማንም አልሰማንም።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነፃ ነው፣ ሰው የተያዘበትን ቦታ ገብቶ የማየት ሥልጣን አለው። ውሃ፣ ምግብ፣ መኝታ፣ ጠያቂ ሲከለከል፣ ወይም ብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲያዝ እዚያ መሄድ ይሻላል። የሚሰጠው ግን ምክረ ሐሳብ ነው፣ በር የሚያስከፍት ትእዛዝ አይደለም። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም እንዲሁ፤ የአስተዳደር በደል ይመለከታል፣ ጊዜ ይወስዳል።

በር የሚያስከፍተው ፍርድ ቤት ነው። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባለው ማለት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 እስከ 179 ይገኛል። አቤቱታው በመሐላ ቃል ይደገፋል፤ ሰውየው ማን እንደያዘው፣ የት እንደያዘው፣ በምን ምክንያት እንደተያዘ፣ ማን ሊመሰክር እንደሚችል ይገለጻል። የተያዘው ሰው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሆኖ፣ ያልቻለበትን ምክንያት ገልጾ ሊምል ይችላል። ይህ ድንጋጌ ለተለየ ታማሚ የተጻፈ ይመስላል። ፍርድ ቤቱ የያዘው ወገን ሰውየውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠራዋል፤ መያዙ ሕገ ወጥ ከሆነ ወዲያው እንዲለቀቅ ያዛል። ልደታ ወዳለው ፍርድ ቤት ስትሄዱ መዝገብ ክፍል ያሉት ሰዎች «ታማሚ ነው?» ብለው ሊገረሙ ይችላሉ፤ አትደንግጡ፣ ሕጉ ፖሊስ የያዘውን ብቻ ብሎ አልለየም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ እያስተላለፈ ያለን ሰው የተጨናነቀ ችሎት ውስጥ እንዲቀርብ አትጠይቁ። በአቤቱታው ላይ ሐኪሙ ከነምርመራ ውጤቱ እንዲቀርብ፣ ታማሚው በሌላ መንገድ እንዲደመጥ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳኛው ፊት ለሕዝብም የምታስቡ መሆናችሁን ያሳያል።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ቀኑ ያልታወቀ ከሆነ ዳይሬክተሩ ጋር፣ አያያዙ የከፋ ከሆነ ኮሚሽኑ ጋር፣ ወረቀት የለም፣ በሩም አይከፈትም ከተባለ በቀጥታ ፍርድ ቤት። ዳይሬክተሩን ለሁለት ቀን ጠብቁ፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ ለማንም አይጠቅምም። በሌላ በኩል ታማሚው ማስተላለፉ በምርመራ ተረጋግጦ፣ ወረቀቱ ተሟልቶ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ ቤታችሁም አንድ ክፍል ከሆነ ክርክሩን ተዉትና ቆይታው የሰው እንዲሆን ታገሉ። ተለይቶ መቆየት አለብህ የተባለ ሰው ሰብሮ ወጥቶ ሌላውን ቢያስይዝ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 514 ሊጠየቅ ይችላል፤ ሆን ብሎ ማስተላለፍም በቸልተኝነት ማስተላለፍም ያስቀጣል። አንቀጽ 423 በበኩሉ ከሕግ ውጭ ሰው የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ሁለቱንም እወቁ።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ

ኮቪድ ሁሉንም አስተምሮናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን በራሱ ወጪ በተመረጡ ሆቴሎች እንዲወሸብ ተደረገ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። መጀመሪያ ሆቴል ገብቶ የሚከፍለው ያጣ ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በአዋጁ ክልከላ የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ነበረበት።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት ይሆናል። አዋጁ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ፈጽሞ የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑስ አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 17 ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ የመያዝ ሥልጣን ይሰፋል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው 18 እና እኩልነትን የሚያስጠብቀው 25 ግን ይቆያሉ። በአስቸኳይ ጊዜ «ለምን ያዛችሁኝ?» ከማለት ይልቅ «ለምን እንዲህ ያዛችሁኝ? ለምን እኔን ብቻ?» ማለት የበለጠ ያስኬዳል። አዋጁ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ «የኮቪድ ጊዜ እንዲህ እናደርግ ነበር» የሚል መልስ ዛሬ ሕግ አይሆንም።

ደመወዝና የሚያዝ ዕቃ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ይህን ለማግኘት የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል፣ በተኛበት ዕለት አስወጡት። ማስረጃው ላይ የበሽታው ስም ሳይጻፍ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሕክምና ላይ ነው» የሚል ይበቃል ብላችሁ ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤት ሙሉ ምርመራውን ማወቅ አይገባውም።

ይዛችሁ የምትገቡት፦ የስልክ ቻርጀር ከማራዘሚያ ገመድ ጋር፣ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተሩ ላይ በየቀኑ የተወሰደው መድኃኒት፣ የተሰጠው አክታ፣ የገባው ሐኪም ስም ይጻፍ። የትእዛዙ ወይም የስምምነቱ ወረቀት ዋናው ታማሚው ዘንድ፣ ኮፒው ውጭ ባለ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። እኅቴ በመጨረሻ የተሰጣት ወረቀት ሁለት መስመር ነበር፤ የአክታ ምርመራው ቀንና «ውጤቱ ነፃ ከሆነ በዕለቱ ትወጣለች» የሚል። ኮፒውን እናቴ መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አስገብታ ነበር፤ በየማታው አውጥታ ቀኑን ታየዋለች።